ያረጀው የጋዜጣ ውሻ

በጋዜጣ ላይ የሚኖር ውሻ አያረጅም። አሜሪካዊው ብራድ አንደርሰን ማርማዱክ የተባለውን ግዙፍ የቤት ውሻ መሣል የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ነው። ሶፋ ላይ እየተጋደመ፣ ጌታውን በገመድ እየጎተተ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስቸግር የኖረው ይኸው ውሻ፣ ሠዓሊው በ2015 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ ያው ጎረምሳ ነበር። የማርማዱክ ዝርያ በእውነተኛው ዓለም አሥር ዓመት ከሞላው ብዙ ኖረ ይባላል። እሱ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አንድ ጥርስ ሳይወልቅለት ቆየ። በእንግሊዝም ከ1963 ጀምሮ በዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ፍሬድ ባሴት እንዲሁ ነው። ፈጣሪው አሌክስ ግርሃም በ1991 ሲሞት ውሻው አልሞተም። ሥዕሉ በሌሎች እጅ ቀጠለ።

አንባቢ የለመደው እንዲህ ያለውን ውሻ ነው። ጠዋት ጋዜጣውን ገልጦ ሦስት አራት ሣጥን ውስጥ የተሣለችውን ቀልድ ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዓለም ላይ የፈለገው ቢሆን ውሻው እዚያው ነው።

ይህን ልማድ ያፈረሰችው ካናዳዊቷ ሊን ጆንስተን ናት። በ1979 የጀመረችው ተከታታይ የካርቱን ሥዕል «ፎር ቤተር ኦር ፎር ወርስ» ይባላል፤ ሙሽሮች ሲጋቡ በደጉም በክፉውም አብረን እንኖራለን ብለው የሚገቡት ቃል ነው። ታሪኩ የፓተርሰን ቤተሰብ ነው። እናት ኤሊ፣ የጥርስ ሐኪሙ አባት ጆን፣ ልጆቻቸው ማይክልና ኤልሳቤጥ፣ እንዲሁም ፀጉሩ ዓይኑን የሚሸፍነው ትልቁ ውሻ ፋርሊ። ስሙን ያገኘው ከካናዳዊው ደራሲ ፋርሊ ሞዋት ነው። ሞዋት ራሱ በልጅነቱ ስለነበረው ውሻ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር፤ ስሙ ለውሻ ቢሰጥ የሚከፋው አይመስልም።

የሊን ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ዓመት ሲያልፍ ሰዎቿም አንድ ዓመት መጨመራቸው ነው። ማይክል ትንሽ ልጅ ሆኖ ጀምሮ አድጎ ቤት ይለቃል። በ1991 ደግሞ ኤፕሪል የምትባል ሦስተኛ ልጅ ተወለደች። እንግዲህ ልጆቹ ካደጉ ውሻውስ? ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የፋርሊ ዓይነት ውሻ በአብዛኛው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው የሚኖረው። ልጆቹ እያረጁ ውሻው ዝም ብሎ ቢቀር ጠቅላላ ታሪኩ ውሸት ሊሆን ነው።

ሊን ሐሳቧን ለወዳጇ ለቻርልስ ሹልዝ አጫወተችው፤ የስኑፒ ፈጣሪ ነው። ሹልዝ ነገሩን ጨርሶ አልወደደውም። እሷ ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ ፋርሊን ከገደልሽው እኔ ደግሞ ስኑፒን በጭነት መኪና አስገጨዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ለእሱ ሲጨነቅ ያንቺን ታሪክ የሚያይ አይኖርም ብሎ አስፈራራት። ቀልድም ቁም ነገርም ነበር። ሊንም ቀኑን ሳትነግረው ሥራዋን ቀጠለች።

ሚያዝያ 1995 ላይ የሆነው ይሄ ነው። የአራት ዓመቷ ኤፕሪል ከቤታቸው አጠገብ ባለው፣ በጸደይ ውሃ በሞላው ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች። ሽማግሌው ፋርሊ ዘሎ ገብቶ ያተርፋታል። ልጅቷ ዳነች፤ የእሱ ልብ ግን ያን ድካም አልቻለውም። ቀልድ ይወጣበት በነበረው ቦታ ላይ አንባቢ የሞተ ውሻ አየ።

ደብዳቤው በሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ሁሉም ደግሞ ምስጋና አልነበረም። ጠዋት የሚሳቅበት ገጽ ላይ ይህን ማምጣት ምን ይባላል ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው።

በጎንደር ወይም በትግራይ ገጠር ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ለቅሶ ሊገርመው ይችላል። እዚያ ውሻ ቦታው ደጅ ነው። ሌሊት ጅብ ያባርራል፣ በጎቹን ይጠብቃል፣ ትራፊ ይበላል። ልደቱን የሚቆጥርለት የለም፤ ስሙ ራሱ ስድብ ነው። የልጅ ልጅ እዚህ እስራኤል ውስጥ ቡችላ ታቅፎ ሳሎን ሲገባ፣ ኧረ አስወጣው የሚል አያት በየቤቱ አለ። ሆኖም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን እኚሁ አያት ያውቁታል። ፋርሊ ያደረገው እሱን ነው፤ የቤቱን ልጅ ጠበቀ። ለእሳቸው ይህን ማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

እውነት ለመናገር አሟሟቱ ትንሽ ማር ተቀብቶበታል። አብዛኛው ያረጀ ውሻ ጀግና ሆኖ አይሞትም፤ አንድ ቀን ከተኛበት መነሳት ያቅተዋል፣ ወይም ሐኪም ዘንድ ተወስዶ አይመለስም። ሊን እንደዚያ ብትሥለው ኖሮ የበለጠ እውነት ይሆን ነበር፤ ምናልባት የበለጠም ያስከፋ ነበር። ዋናውን ነገር ግን አልሸሸችም። ፋርሊ ሳምንት ቆይቶ አልተመለሰም፣ ሕልም ነበር አልተባለም። ቤቱ ውስጥ የቀረው ልጁ ኤድጋር ነው።

በኋላም የኦንታሪዮ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለተቸገሩ ሰዎች እንስሳት የሕክምና ወጪ የሚረዳ ድርጅት ሲያቋቁም ስሙን የፋርሊ ፋውንዴሽን አለው። የታመመ ውሻውን ማሳከሚያ ያጣ አረጋዊ በዚህ የሥዕል ውሻ ስም ይረዳል።

ሹልዝ ስኑፒን አላስገጨውም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት እስኪቀረው ድረስ ሥሎ፣ በየካቲት 2000 የመጨረሻው የእሑድ ሥዕሉ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሠዓሊ አዲስ ሥዕል በጋዜጣው ላይ አልቀጠለም።

ሊን ግን በ2008 የፓተርሰንን ታሪክ ከቋጨች በኋላ አንድ ነገር አደረገች፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ጋዜጦቹ ከጥንቱ ሥዕል፣ አንዳንዱ ተነካክቶና ተጨምሮበት፣ እንደገና ማውጣት ያዙ። ማይክልና ኤልሳቤጥ እንደገና ሕፃናት ሆኑ፣ ፋርሊም እንደገና ቤቱን የሚያተራምስ ወጣት ውሻ ሆነ። ኤፕሪል ያኔ ገና አልተወለደችም ነበር።