በስብ የሚጣራ ቍስል

ከቀሐ ወንዝ ማዶ የሚያርስ ገበሬ እግሩን እሾኽ ቢወጋው፥ ሥፍራው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይጠዘጥዛል። ይህ ሁሉ የእሾኹ ሥራ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን የገዛ ደማችን ሥራ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየሾለኩ ወደ ቍስሉ ይተማሉ። ዐይን የላቸው፥ ጆሮ የላቸው፤ ታዲያ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?

ስብ ነው ብንል አንባቢዎቻችን ይስቁብን ይሆናል። የወጥ ቤቱን ሞራ ማለታችን ግን አይደለም። እያንዳንዱ ሕዋስ በቀጭን የስብ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ከዚያው ሽፋን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለው ቅባት ይለቀቃል። ነጩ ሕዋስ ይህን ለውጦ ሊውኮትራይን ቢ4 የተባለውን መልእክተኛ ያወጣል። (ስሙ ለአፍ ቢከብድም ሌላ አላገኘንለትም።)

የደጋ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። አንዱ ከጋራው ላይ «ኡኡ!» ሲል የሰማው እየሮጠ ራሱም ይጮኻልና፥ ጥሪው ከጋራ ወደ ጋራ ይሻገራል። ቀድሞ የደረሰው ነጭ ሕዋስም መልእክተኛውን ራሱ እየረጨ የራቁትን ይጠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ተመራማሪዎች ይህን በአይጦች ላይ በአጉሊ መነጽር ተከታተሉት፤ ሊውኮትራይኑ ሲጓደል ከሩቅ ያሉት መንጋ ሆነው መሰብሰብ ተሳናቸው።

አስፕሪን ከዚያው ቅባት የሚሠራውን ሌላውን መልእክተኛ፥ ፕሮስታግላንዲንን፥ እንደሚያግድ እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 ገለጠ፤ በ1982ም ከስዊድናውያኑ ከሱኔ በርግስትሮምና ከቤንግት ሳሙኤልሶን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ሊውኮትራይንን ግን አስፕሪን አያግደውም። ሕመሙ ጋብ ቢልም ጥሪው አልቆመም ማለት ነው።

ጥሪውም ሁልጊዜ ለበጎ አይደለም። በጎንደር ደጋ ሰዎች ቁንጭር የሚሉት የፊት ቍስል አለ። ሊሽማኒያ ኢትዮጲካ የተባለው ተውሳክ በገደል ከሚኖረው ሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ይመጣል። በራሱ ቢሽር እንኳ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው፤ በአፍንጫ ላይ ለወጣባት ልጃገረድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ሊሽማኒያ ሜጀር በተባለው የዚህ ተውሳክ ዘመድ ላይ የተደረገ ምርመራ የሚያስገርም ነገር አሳየ፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ዝንቡ ወደ ነከሰው ሥፍራ እየሮጡ ተውሳኩን ይውጡታል፥ እርሱ ግን በሆዳቸው ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። እነዚህ ሕዋሳት በተቀነሱባቸው አይጦች በሽታው እንደ ልቡ ሊሰድ አልቻለም።

በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊሽማኒያን ያክማል፥ ይመረምራልም። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሳምንታት የሚፈጅ የአንቲሞኒ መርፌ ነው፤ እርሱም የሚዋጋው ተውሳኩን እንጂ ኡኡታውን አይደለም።