የመከራ ምክንያትና የምክንያቱ ባለቤት

ሁሉን የሚችልና ፍጹም ቸር የሆነ ፈጣሪ በሚገዛው ዓለም ውስጥ መከራ ለምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ በነገረ መለኮትና በፍልስፍና መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ሲመረመር የኖረ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ ዘወትር የሚነሣው በተራው ሰው ኑሮ ውስጥ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ግዛት፣ በደማምና በኾበር ከተሞች በቤት ሠራተኝነት፣ በሾፌርነትና በቀን ሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ደመወዝ ሲከለከል፣ ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ሲቀር ወይም የወላጅ መርዶ በስልክ ሲደርስ ኀዘናቸውን የሚገልጹበት ቃል እንደ እምነታቸው ይለያያል። ሙስሊሙ «ቀደር (የአላህ ውሳኔ) ነው፤ ሶብር (ትዕግሥት) ማድረግ ነው» ሲል ክርስቲያኑ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ለበጎ ነው» ይላል፤ «ዕድሌ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ የሁለቱም ነው። እነዚህ አጫጭር ቃላት ከጀርባቸው የብዙ መቶ ዓመታት ክርክር ያለባቸው ሲሆኑ፣ የክርክሩ ዋና ዋና ሰዎች ጥቂት የማይባሉትም የተነሡት ከዚሁ ከባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ነው።

የክፉ ነገር ሁለት ወገን

ሊቃውንት ክፉ የሚባለውን ነገር በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የተፈጥሮ ክፉ ሲሆን፣ የምድር መንቀጥቀጥን፣ ወረርሽኝንና ድርቅን የመሰለ፣ የሰው ፈቃድ ሳይገባበት የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው የምግባር ክፉ ሲሆን፣ ግፍን፣ ስርቆትንና ግድያን የመሰለ፣ ከሰው ፈቃድ የሚወለድ ጉዳት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደራርበው ስለሚመጡ ድንበራቸውን መለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደማምና በኾበር በሞቃቱ ወራት ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፈው ሙቀትና ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ከተፈጥሮ የመጡ ናቸው፤ በቀትር ፀሐይ ሰውን ሜዳ ላይ አቁሞ ማሠራት ግን የሰው ውሳኔ ነው። የሳዑዲ ሕግም በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ማሠራትን ሲከለክል፣ ፀሐይን መከልከል እንደማይቻል፣ ሰውን መከልከል ግን እንደሚቻል እየመሰከረ ነው።

የፈጣሪን ፍትሕ ከዓለም መከራ ጋር አስማምቶ የማስረዳት ጥረት «ቴዎዲሲ» ይባላል። ቃሉን «አምላክ» እና «ፍትሕ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት አጣምሮ የሠራው ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትፍሪድ ላይብኒትስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ዓለም ሊፈጠሩ ይችሉ ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የተሻለው ነው በማለት ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋልን ዋና ከተማ ሊዝበንን ያፈረሰው የምድር መንቀጥቀጥ፣ ለበዓል የተሰበሰቡ ምእመናንን በየቤተ ክርስቲያናቸው ከቀበረ በኋላ ግን፣ ፈረንሳዊው ቮልቴር እ.ኤ.አ. በ1759 ባወጣው «ካንዲድ» በተባለው ልብ ወለድ ይህን ትምህርት አጥብቆ ነቀፈው። በሌላው ሰው ጥፋት ፊት ቆሞ ሁሉ መልካም ነው ማለት ማጽናናት ነው ወይስ ማቃለል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከፍልስፍናው ሊለይ አልቻለም።

ከባስራ የተነሣው ክርክር

በእስልምና ታሪክ ይኸው ጥያቄ በስፋት ያከራከረባት ከተማ ከደማም በስተ ሰሜን፣ በባሕረ ሰላጤው ጫፍ አቅራቢያ የምትገኘው ባስራ ናት። በዚያች ከተማ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት ሙዕተዚላ የተባሉት ሊቃውንት፣ አላህ ፍትሐዊ ስለ ሆነ ግፍን አያደርግም፣ ክፉውን ሥራ የሚሠራው በራሱ ነጻ ፈቃድ ሰው ነው፣ አላህም ለባሮቹ የሚበጀውን ያደርጋል ብለው አስተማሩ። ከእነርሱ ተለይቶ የወጣውና እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ ያረፈው አቡል ሐሰን አል አሽዐሪ፣ አንዱ በእምነት፣ ሁለተኛው በክሕደት፣ ሦስተኛው በሕፃንነት ስለ ሞቱ ሦስት ወንድማማቾች መምህሩን እንደ ጠየቀው ይተረካል። ሕፃኑ የተቀጠፈው አድጎ እንዳይክድ ታስቦለት ከሆነ፣ የካደውስ ለምን በሕፃንነቱ አልተወሰደለትም ለሚለው ጥያቄ መምህሩ መልስ አጣ፤ አሽዐሪም የፈጣሪ ሥራ በሰው አእምሮ መስፈሪያ እንደማይሰፈር ደመደመ። ሆኖም የሰው ተጠያቂነት እንዳይፈርስ፣ ሥራን የሚፈጥረው አላህ ቢሆንም ሰው ያን ሥራ የራሱ ያደርገዋል የሚለውን «ከስብ» የተባለ ትምህርት አስተምሯል።

ቀደር ማለት ጉዳት ሲመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ታዋቂ ዘገባ አለ። እ.ኤ.አ. በ639 አካባቢ ሶርያን ወረርሽኝ በመታት ጊዜ ኸሊፋው ዑመር ሠራዊቱን ይዞ ከመንገድ ሲመለስ፣ የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ብሎ ጠየቀው፤ ዑመርም የሚሸሸው ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደ ሆነ አስረዳው። በዚህ ትምህርት መሠረት የተበደለች ሠራተኛ ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ ወይም ወደ አገሯ ብትመለስ ሶብሯን አላፈረሰችም፤ መፍትሔ መፈለጓ ራሱ ከቀደሩ ውስጥ ነው።

ከሄኖክ እስከ ማር ይስሐቅ

በክርስትናው ወገን የጥያቄው ዋና መጽሐፍ መጽሐፈ ኢዮብ ሲሆን፣ የታሪኩ ትልቁ ትምህርት የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት ነው። ወዳጆቹ መከራ የኃጢአት ደመወዝ ነውና አንተም አጥፍተሃል ብለው ሲከራከሩት፣ በመጽሐፉ ፍጻሜ ፈጣሪ የነቀፈው የተከራከረውን ኢዮብን ሳይሆን ስለ ፈጣሪ ጥብቅና የቆሙትን ወዳጆቹን ነው። የሂፖው አውግስጢኖስ በበኩሉ ክፉ ነገር የራሱ ባሕርይ የሌለው፣ ጨለማ የብርሃን መታጣት እንደ ሆነ ሁሉ የበጎ ነገር ጉድለት ነው ብሏል። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ የክፋትን መስፋፋት ከሰማይ ከወረዱ መላእክት ጋር ቢያያይዘውም፣ በኋለኛው ክፍሉ ኃጢአት ወደ ምድር የተላከ ሳይሆን ሰው ራሱ የፈጠረው መሆኑን አጥብቆ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ለደማምና ለኾበር ቅርብ የሆነው መምህር በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤት በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ የሚተረጎመው ማር ይስሐቅ ነው። ይህ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶርያዊ አባት የተወለደው ቤት ቀጥራዬ በተባለው አገር ሲሆን፣ ይህ የአገር ስም የዛሬዋን ቀጠርንና ከእርሷ ጋር የተያያዘውን የባሕረ ሰላጤውን ምዕራባዊ ዳርቻ የሚያጠቃልል ነበር። የነነዌ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ፓትርያርክ ጊዮርጊስ፣ እ.ኤ.አ. በ676 ከደማም በስተ ሰሜን በቀጢፍ ፊት ለፊት ባለችው በታሩት ደሴት፣ ዳሪን በተባለው ስፍራ ሲኖዶስ ሰብስቧል። ማር ይስሐቅ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ መነነ፤ የጻፈውም መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በባሕርየ ክርስቶስ ትምህርት ከእርሱ ቤተ ክርስቲያን በተለየችው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንኳ የተወደደ ሆነ። በትምህርቱ ፈጣሪ ሲቀጣ ስለ ፍቅር እንጂ ስለ በቀል አይቀጣም፤ ርኅሩኅ ልብ የሚባለውም ለሰው፣ ለአዕዋፍና ለእንስሳት፣ ለአጋንንት ሳይቀር የሚቃጠል፣ የማንንም ፍጥረት ጉዳት አይቶ መታገሥ የማይችል ልብ ነው።

ምክንያቱን ማን ይናገር?

የእነዚህ መልሶች ሁሉ መፈተኛ የሚሆን ታሪክ በዚሁ በሳዑዲ ምሥራቃዊ ክፍለ ግዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1051 አል አሕሳን የጎበኘው ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስረው፣ በዚያ 30,000 የዘንጅ (የምሥራቅ አፍሪካ) እና የሐበሻ ባሮች በእርሻና በአትክልት ሥራ ላይ እንደ ነበሩ ጽፏል። ባርነት በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፣ ባሪያ በሸጠችው በኢትዮጵያም ጭምር፣ ለብዙ ዘመናት ከፈጣሪ የተደነገገ ሥርዓት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ሆኖም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሳዑዲ ዐረቢያም በ1962 በሕግ ሻሩት። ዕጣ ፈንታ የተባለው ነገር በአዋጅ የሚሻር ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም የሰው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ይህ መለኪያ ለዛሬም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው የተመለሱት በሰው ውሳኔ ነው፤ ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሲሻሻል የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ የቀሩትም እንዲሁ በሰው ውሳኔ ነው። ስለዚህ «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል መከራውን የተሸከመችው ሴት በሌሊት ብቻዋን ስትናገረው ጸሎት ነው፤ ደመወዟን የያዘው አሠሪ፣ በሐሰት ተስፋ የላካት ደላላ ወይም ሊረዳት ሲችል ያለፋት ባለሥልጣን ሲናገረው ግን የራሱን ሥራ በፈጣሪ ላይ መለጠፍ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ለሰባት ቀንና ለሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ አልተነቀፉም፤ የተነቀፉት የመከራውን ምክንያት እናውቃለን ብለው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።