‘ሶዳ’ ፍርሃት ነው ወይስ አማች?

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ የምትኖር እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ለአንድ የሥራ መደብ ተወዳድራ የአፋን ኦሮሞ የጽሑፍ ፈተና ሊሰጣት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «መናገሩን እችላለሁ፣ ገበያውም ጎረቤቱም በእሱ ነው፤ እስክሪብቶ ሳነሳ ግን ይጠፋብኛል» አለችኝ። ሰበታ ተወልጄ ያደግኩት እኔም የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅኩት በዚሁ ነው። ስለዚህ መልሴን ለሁላችሁም ላድርገው።

የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። እዚህ ኖሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ቋንቋውን መጻፍም ይጠበቅበታል።

ፊደሉን መልመድ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ‘ኤክስ’ የምንለው በቁቤ ‘ጥ’ ነው፣ ‘ሲ’ ‘ጭ’ ነው፣ ‘ኪው’ ደግሞ ‘ቅ’። ይህን ማንም ይይዘዋል። ነጥብ የሚያስጥለን ሌላ ነው።

‘ገና’ ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ‘ገና አልመጣም’ የምንለው ፊደላችን አይነግረንም፤ ‘ና’ን ማጥበቅም ማላላትም የአንባቢው ፋንታ ነው። ቁቤ ግን ይህን ለአንባቢ አይተውም። የሚጠብቅ ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የሚረዝም አናባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ‘ሶዳ’ ሲላላ ፍርሃት ነው፤ ‘ዳ’ን ካጠበቅነው አማች ይሆናል። ‘ቦና’ም ‘ቦ’ ሲያጥር በጋ፣ ሲረዝም ኩራት ነው። እኔ ወረቀቱ ላይ ሁሉንም በነጠላ ፊደል ጽፌ ነበር። ሳነበው ትክክል መሰለኝ፤ በአማርኛ ልማዴ እያጠበቅኩ አነበብኩታ!

ነገሩ የቆየ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ‘በሪሳ’ ጋዜጣም ሲጀመር ይጻፍ የነበረው በዚሁ ፊደል ነው። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመረጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የማጥበቅና የማርዘም ጉዳይ ነበር።

ማጥበቁ አይከብደንም፤ ጆሯችን ከአማርኛ ያውቀዋል። አንድ ሳምንት ቃል በቃል «ይጠብቃል? ይላላል?» እያላችሁ ብትጽፉ ይስተካከላል። አናባቢ ማርዘም ግን በአማርኛ ትርጉም ስለማይለውጥ ጆሯችን ቸል ይለዋል። ዋናው ድካም እዚህ ላይ ይሁን።

ለእኔ የገባኝ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ መስኮት ነው። ማስታወቂያዎቹን እያነበብኩ ስሄድ ‘መነ ኛታ’፣ ‘መነ ቆሪቻ’፣ ‘መነ በሩምሳ’ የሚሉት ሁሉ መጨረሻቸው ላይ ‘አ’ ድርብ መሆኑን አየሁ። ‘ኛታ’ (ምግብ) ብቻውን ሲጻፍ ግን የመጨረሻው ‘አ’ አንድ ነው። ለምን ተጨመረ? ያ ጭማሪ የእኛ ‘የ’ ነው! ‘የምግብ ቤት’፣ ‘የመድኃኒት ቤት’፣ ‘የትምህርት ቤት’ ለማለት የመጨረሻውን አናባቢ ያስረዝሙታል። እኛ ከፊት የምናስቀምጠውን እነሱ ከኋላ በአንድ ፊደል ይዘውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ድርብ አናባቢ ትርጉም ያለው ነገር ሆነልኝ፤ በደስታ ወራጅ አለ ማለት ረስቼ ከታን አልፌ ሄድኩ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። አማርኛ ተሳቢውን ‘ን’ ጨምሮ ያሳያል፦ ሰውየው ውሻውን አየ። አፋን ኦሮሞ ግን ምልክት የሚያደርገው ባለቤቱን ነው። ‘ነማ’ ሰው ነው፤ ባለቤት ሲሆን ‘ነምኒ’ ይሆናል። ‘ነምኒ ሰሬ አርጌ’ ስንል ሰው ውሻ አየ ማለት ነው፤ ውሻዋ እንዳለች ናት። ስትናገሩ ብትረሱት ሰው ይረዳችኋል፣ ፈታኝ ግን ያሰምርበታል።

መጽሐፍ ፍለጋ አትድከሙ። የልጆች የአንደኛ ደረጃ የአፋን ኦሮሞ መማሪያ ከሁሉ ይበልጣል። እኔን ያስተማረችኝ የጎረቤታችን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ ማታ ማታ ከመጽሐፏ ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ታርመኛለች። መጀመሪያ ቀን በአንድ ገጽ ላይ ሠላሳ አንድ ስህተት አገኘችብኝ፤ በወሩ አራት። ከዚያ ቢቢሲ አፋን ኦሮሞ ላይ ዜና እያነበባችሁ የረዘሙትን አናባቢዎች ብቻ አስምሩባቸው፣ ጮክ ብላችሁም አንብቡ።

ፈተናው ቀን የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለድርብ ፊደል ብቻ ተዉ። ሐሳቡን አትንኩ፤ ቃል በቃል በከንፈራችሁ እያላችሁት እለፉ።

የሱሉልታዋ እህቴ፣ ልጅቷ አሁን አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የዓምና መጽሐፏን ላንቺ ፈቅዳለች። ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ጋ ይዤልሽ እመጣለሁ።