ለደረሱ ልጆቻችን የቤታችንን ሂሳብ እናስተምራቸው

የዛሬው ዝግጅታችን የሚያተኩረው በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠሮች ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል በደረሱ ልጆቻችን ላይ ነው። እነዚህ ልጆች መቶኛንና ወለድን በክፍል ይማራሉ። የ12ኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍም ስለ ንግድ ስሌት ምዕራፍ አለው። ይሁንና ብዙው ልጅ እዚያ ሳይደርስ ያቋርጣል። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ል. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጦርነቱ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ምክንያት ትምህርት በተደጋጋሚ ተስተጓጉሏል። ስለዚህ የገንዘብን ሂሳብ በራሳችን ብርና በራሳችን እህል፣ ቤታችን ውስጥ ማስተማር ይኖርብናል።

ከገበያ እንጀምር። ለምሳሌ ባለ አምስት ሊትር ዘይት 1,600 ብር፣ ባለ ሦስቱ 930 ብር ነው ቢባል አብዛኞቻችን «ትልቁ ያዋጣል» ብለን እንገዛለን። ልጁን «አንዱ ሊትር ስንት ወጣ?» እንበለው። ትልቁ 320፣ ትንሹ 310 ብር ሆኖ ያገኘዋል።

መቶኛን ለማስተማር ደግሞ ከማሳችን የተሻለ ሰሌዳ የለም። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ፣ በወጪና በድካም በመስኖ የለማው ከሃያ አንድ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ መስኖ ባለበት አገር ሁለቱም ዓይነት ማሳ በአንድ ቤት ሊገኝ ይችላል። ልጃችን ከ20 ኩንታል የዝናብ ማሽላ 2 ኩንታል፣ ከ20 ኩንታል የመስኖ በቆሎ 1 ኩንታል እንደሚወጣ ራሱ ያስላ። ምርቱ ኒሷብ (650 ኪሎ ግድም ነው) መሙላቱንም ያጣራ።

ዋናው ጉዳያችን ግን ስደት ነው። የሐብሩ ወጣት በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ መሄዱ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ደላላው ሲመጣ የሚያወራው ስለ ደመወዙ ብቻ ነው፤ የማካፈሉን ሥራ ማንም አይሠራም። እስቲ እኛ እንሥራው። ለጉዞው 200,000 ብር ተበደርን እንበል። ልጁ ደርሶ፣ ሥራ አግኝቶ፣ በየወሩ 15,000 ብር ቢልክና ሁሉም ለዕዳ ቢውል 14 ወር ይፈጃል። ግማሹ ለቀለብ ከዋለ 27 ወር ይሆናል። ከአሥረኛ ክፍል የወጣው ልጅ ከዕዳው ሳይላቀቅ እኩዮቹ 12ኛን ይጨርሳሉ ማለት ነው። በመንገድ ላይ የሚጠየቅ ማስለቀቂያ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ብሩ ከአራጣ አበዳሪ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው። ሐራምነቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁጥሩን ግን ስንቶቻችን አስልተነዋል? በወር አሥር በመቶ የሚታሰብ 10,000 ብር ሳይከፈል እየተደመረ ከሄደ በስምንተኛው ወር 21,400 ብር ይደርሳል። ልጁ በክፍል የተማረው ወለድ ይኸው ነው።

ደግሞም ሥራው በድንገት ሊቋረጥ ይችላል። በ2006 ዓ.ል. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል፤ ዕዳቸውን ሳይጨርሱ የተመለሱም ብዙ ነበሩ። ስደት ሁሉ ኪሳራ ነው ማለታችን አይደለም። በሪያል የተሠራ ቤት መርሳም ወልድያም አለ። የምንለው፣ ልጁ ከመወሰኑ በፊት እርሳስ ይዞ ከአባቱ ጋር ይቀመጥ ነው።

የሚላከውም ብር ሂሳብ ያስፈልገዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ል. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ግድም ዘለለ። በርካታ ቤተሰብ ገንዘብ የጨመረለት መስሎት ተደሰተ። ነገር ግን ብሩ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ ካልተሰላ በብር መብዛቱ ብቻ ምንም አይነግረንም።

በመጨረሻም ስለ ደብተሩ እናንሳ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ ነው። እኛ ግን «ዘመድ ነው፣ ያፍራል» እያልን እንተወዋለን። ጽሕፈት የሚያውቀው ልጃችን ነውና መጠኑን፣ ቀኑን፣ የመክፈያውን ጊዜና የምስክሮቹን ስም እሱ ይጻፍ። ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለችም፣ ከላኩት ገንዘብ ምን ያህሉ ለዕዳ፣ ምን ያህሉ ለቀለብ እንደዋለ በየወሩ ጽፎ ይላክላቸው።