የቴአትርና የኮሙኒኬሽን መምህር የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት፤ የአሜሪካ ልምድ ሲመረመር

ቴአትርን በትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ሁለት ሙያዎችን በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ይጠየቃል። በአንድ ወገን የመድረክን ሥራ ከተውኔት ንባብ ጀምሮ እስከ መብራት አሰቃቀል ድረስ ማወቅ አለበት፤ በሌላ ወገን ደግሞ እንደ ማንኛውም መምህር የልጆችን የአእምሮ ዕድገት፣ የማስተማር ዘዴንና የምዘናን ሥርዓት ጠንቅቆ መረዳት ይኖርበታል። የዩኒቨርሲቲ ዓመታት ግን የተወሰኑ ናቸው። ለአንደኛው ሙያ የሚሰጠው ሰዓት ከሌላው ላይ የሚቀነስ በመሆኑ፣ ለዚህ ዓይነቱ መምህር የሚዘጋጅ የዲግሪ መርሐ ግብር በመሠረቱ የሰዓት ክፍፍል ጥያቄ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ የትምህርት አቅድ አውጭዎችም እንግዳ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በስፋት ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ድራማንና የዕይታ ጥበባትን በአንድ የትምህርት ዓይነት አጣምሮ ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች አቅርቧል። የመማሪያ መጽሐፍ ከተዘጋጀ በኋላ የሚከተለው ጉዳይ መጽሐፉን ይዞ ከክፍሉ የሚገባው ማን ነው፤ በምንስ ተዘጋጅቶ ነው የሚለው ነው። በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ይኸው ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየ ስለሆነ፣ የተገኘውን ውጤት ብቻ ሳይሆን የተፈጸመውን ስሕተትም ጭምር መመርመር ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ቴአትርና ኮሙኒኬሽን ለምን በአንድነት እንደሚጠሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ክፍል ሥር ይገኛሉ፤ ወይም ቀድሞ በአንድ ሥር የነበሩ ናቸው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ንግግር የሚያስተምሩ መምህራን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍሎች ውስጥ እንደ ተደራቢ ይቆጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ከተቋቋመው የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር ውስጥ 17 የንግግር መምህራን በ1914 ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። መነሻ ሐሳባቸው ንግግር የሥነ ጽሑፍ ጥገኛ ሳይሆን የራሱ ዕውቀትና ዘዴ ያለው ትምህርት ነው የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም በድራማ ዲግሪ የሚያሰጥ ትምህርት በመክፈት በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆነ። ቴአትር ግን በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገና ራሱን የቻለ ቤት ስላልነበረው በአዲሶቹ የንግግር ክፍሎች ተጠለለ። ድምፅን መግራት፣ ጽሑፍን በቃል ተርጉሞ ማሰማትና በሕዝብ ፊት መቆም ለተናጋሪውም ለተዋናዩም የሚያስፈልጉ በመሆናቸው መጠለያው እንዲያው የአጋጣሚ አልነበረም። በ1936 የቴአትር መምህራን የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ይሁን እንጂ በብዙ ትናንሽ ኮሌጆች የአንድነቱ ኑሮ ቀጥሏል፤ ከዚያ የሚወጣው ተመራቂም አንዳንድ ጊዜ ጠዋት ክርክር የሚያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ተውኔት የሚያዘጋጅ አንድ ሰው ነው።

በአሜሪካ መምህርን የሚፈቅደው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። ትምህርት የየግዛቱ ሥልጣን በመሆኑ፣ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው፣ የፈቃዱንም ዓይነት የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የዲግሪውን ይዘት ሲነድፍ ወደ ሁለት አቅጣጫ ያያል፤ ወደ ራሱ የአካዳሚክ ሕግና ወደ ግዛቱ የፈቃድ ደንብ። በቴክሳስ ለምሳሌ የቴአትር ፈቃድ ከቅድመ መደበኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለማስተማር የሚያገለግል ሲሆን፣ የንግግር ፈቃድ ለብቻው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተወሰነ ነው። በሌሎች ግዛቶች ንግግር በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈቃድ ውስጥ ይጠቃለላል።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የካሊፎርንያ ታሪክ ነው። በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የመምህራን ፈቃድ ሕግ ለሙዚቃና ለሥዕል የየራሳቸውን ፈቃድ ሲሰጥ ቴአትርንና ዳንስን ሳይጠቅስ ቀረ። በዚህም ምክንያት ቴአትርን በሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የፈለገ ሰው የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃድ፣ ዳንስን ለማስተማር የፈለገ ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ሆነ። የፊልም ኢንዱስትሪ ማዕከል በሆነው ግዛት ውስጥ በትወናና በዝግጅት ዲግሪ ያለው ሰው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ብቃቱን ካላስመሰከረ ቴአትር ማስተማር አይችልም ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ አንድም ቀን ከመድረክ ወጥቶ የማያውቅ የእንግሊዝኛ መምህር በሕግ የተሟላ የቴአትር መምህር ነበር። የዩኒቨርሲቲዎቹ የቴአትር ክፍሎችም ተማሪዎቻቸውን ወደ መምህርነት የሚመሩበት ቀጥተኛ መንገድ ስላልነበራቸው ለዚሁ ዓላማ የሚሆን የትምህርት ዝግጅት ለማደራጀት የሚያነሣሣቸው ምክንያት አነስተኛ ሆነ። ለሁለቱ ጥበባት የየራሳቸው ፈቃድ እንዲኖራቸው የሚያዘው ሕግ የጸደቀው በ2016 ነው። በአንድ የሕግ አንቀጽ መጓደል የተፈጠረውን ክፍተት ለመዝጋት 46 ዓመታት ፈጅቷል።

ወደ ዲግሪው ይዘት ሲመጣ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 የሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት ይጠይቃል። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ለ15 ሳምንታት ግድም የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን፣ ተማሪው ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከክፍል ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሠራ ይጠበቃል። ክፍፍሉ ከተቋም ተቋም ቢለያይም፣ ለአብነት ያህል 40 ክሬዲት ለአጠቃላይ ትምህርት፣ 50 ለሙያው ትምህርት፣ 30 ደግሞ ለመምህርነት ሥልጠና ቢመደብ ከተለመደው የራቀ አይደለም። አጠቃላይ ትምህርቱ እንደ ሌሎቹ ዲግሪዎች ሁሉ ሒሳብ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ታሪክና ጽሑፍ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ክብደቱ ያለው በሙያው ትምህርት ላይ ነው። ለቴአትር መምህር የሚሰጠው ሥልጠና ለተዋናይ ከሚሰጠው በእጅጉ ይለያል። ተዋናይ ለመሆን የሚማር ሰው ዓመታቱን በትወና፣ በድምፅና በእንቅስቃሴ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ለመምህሩ ግን ትወና ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የቴአትር ታሪክ፣ የተውኔት ትንተና፣ ዝግጅት፣ የመድረክ ግንባታ፣ መብራት፣ አልባሳትና ገጽ ቅብ ሁሉ ያስፈልጉታል፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤቱ ውስጥ አናጺም፣ የመብራት ሠራተኛም፣ ልብስ ሰፊም እሱ ራሱ ነው። ይህ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ተማሪ መሰላል ላይ ወጥቶ የጋለ የመብራት ዕቃ ሲያነሣ፣ ወይም በኤሌክትሪክ መጋዝ ጣውላ ሲቈርጥ በኃላፊነት የሚጠየቀው መምህሩ ነው። በመሆኑም የመድረክ ሥራ ደኅንነት ራሱን የቻለ ይዘት ሆኖ በትምህርቱ ውስጥ መገኘቱ የጌጥ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

በተለይ የዝግጅት ትምህርት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ አዘጋጁ የሚሠራው በፈተና ተመርጠው ከመጡ፣ ሙያውንም ከሚወዱ ወጣቶች ጋር ነው። በትምህርት ቤት ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ፣ ቃለ ተውኔቱን ለማጥናት ጊዜ የሌለው ልጅ አለ። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ገጸ ባሕርያት ያሉት ተውኔት ይዞ የገባ መምህር አርባ አራቱን ምን ሊያደርጋቸው ነው? ለዕድሜያቸው የሚስማማውን ተውኔት መምረጥ፣ የወላጆችንና የአካባቢውን ስሜት ማመዛዘን፣ በደራሲ መብት ለተጠበቀ ሥራም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት፣ እነዚህ ሁሉ ከዝግጅት ጋር የተያያዙ የመምህር ተግባራት ናቸው። ጠንካራ የሚባሉት መርሐ ግብሮች ተማሪው ከመመረቁ በፊት ቢያንስ አንድ አጭር ተውኔት በራሱ አዘጋጅቶ ለተመልካች እንዲያቀርብና በሌሎች ዝግጅቶችም ከመጋረጃ በስተኋላ በልዩ ልዩ ሥራ እንዲሰማራ ያስገድዳሉ።

በኮሙኒኬሽን በኩል ያለው ድርሻ የሕዝብ ንግግር፣ የቡድን ውይይት፣ የሰው ለሰው ግንኙነት፣ ክርክርና የመገናኛ ብዙኃን ትምህርትን ያጠቃልላል። እዚህም ላይ ከመደበኛው ክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የንግግርና የክርክር ውድድር የሚያስተባብር አገር አቀፍ ማኅበር በአሜሪካ ከተቋቋመ ከ1925 ጀምሮ ይቆጠራል፤ የንግግር መምህርም የውድድር ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ቅዳሜውን ከተማሪዎቹ ጋር እንዲያሳልፍ የተለመደ ነው። ይህን ሥራ የሚመለከት ኮርስ የሌለው መርሐ ግብር ተመራቂውን ግማሽ ሥራውን ሳያሳይ ይልከዋል ማለት ይቻላል።

የመምህርነት ሥልጠናው የትምህርት ሥነ ልቡናን፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን አያያዝ፣ ምዘናንና የማስተማር ዘዴን የያዘ ነው። የማስተማር ዘዴ ኮርሱ በአጠቃላይ የትምህርት ፋኩልቲ ይሰጥ ወይስ በቴአትር ክፍሉ የሚለው ብዙ ያከራክራል። ለሁሉም መምህራን በጋራ የሚሰጥ የዘዴ ትምህርት ተማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደሚማር አድርጎ ይነሣል፤ የቴአትር ክፍል ግን ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ የተገፉበት፣ ጫጫታውም የሥራ ጫጫታ የሆነበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል በሥርዓት መምራትና የልጅን የፈጠራ ሥራ በማርክ መመዘን የየራሳቸው ስልት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ የሥነ ጥበባት ትምህርት መለኪያ ሥራውን መፍጠር፣ ማቅረብ፣ ምላሽ መስጠትና ማዛመድ በሚሉ አራት ሂደቶች መክፈሉ ለምዘናው መጠነኛ መሠረት ሰጥቷል።

የሥልጠናው ማጠቃለያ የተግባር ማስተማር ነው። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንታት ሙሉ ቀን በትምህርት ቤት ውሎ በነባር መምህር ሥር ያስተምራል። ለሒሳብ ዕጩ መምህር በአንድ ትምህርት ቤት አምስትና ስድስት ነባር መምህራን ይገኙለት ይሆናል፤ የቴአትር መምህር ግን በትምህርት ቤቱ ውስጥ በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌለ ዕጩው ራቅ ወዳለ ስፍራ ይላካል። ጊዜውም አስቸጋሪ ነው። የተውኔት ልምምድ የሚካሄደው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ የሚመደብበት ሴሚስተር ምንም ዝግጅት የሌለበት ከሆነ ዕጩው የሙያውን ዋና ክፍል ሳያይ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ብዙ ተቋማት ከ4.0 ቢያንስ 2.5 ወይም 3.0 አማካይ ውጤት ይጠይቃሉ፤ በብዙ ግዛቶችም የሙያ ዕውቀት የጽሑፍ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። የጽሑፍ ፈተና የቴአትር ታሪክን ማወቅ አለማወቅን ይለያል፤ ዓይን አፋሩን ልጅ ማናገር የሚችለውን ግን አይለይም።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ቴአትር ሲጀምር መምህሩና የቴአትር ሰው ያልተለያዩ ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ የትምህርት ቤት መምህርም ጸሐፌ ተውኔትም ነበር፤ ከጠላት ወረራ በፊት ተውኔቶቹን በመድረክ ላይ ያቀረቡትም ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ለቴአትር ቤቶችና ለመገናኛ ብዙኃን ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ መምህርነት ግን ዋነኛ ዓላማው አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ በአንድ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው በተጨማሪ ሥልጠና ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያሸጋግር ስለሆነ፣ ከአሜሪካው የድኅረ ምረቃ የፈቃድ መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ጠንካራ ጎኑ የሙያውን ሰዓት አለመንካቱ ነው፤ ደካማ ጎኑ ደግሞ ልጅን ማስተማር ምን እንደሆነ ተማሪው የሚያየው ሙያውን ተምሮ ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ የሚዘጋጀው መምህር ሁኔታ ከዚህ ይከብዳል፤ አራቱን ጥበባት አንድ ሰው እንዲያስተምር ከተፈለገ ሒሳቡ ግልጽ ነውና። ከላይ በተጠቀሰው አብነት መሠረት ለሙያው የተመደበው 50 ክሬዲት ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ጥበብ የሚደርሰው 12 ተኩል ነው። ይህም ባለ ሦስት ክሬዲት የሆኑ አራት ኮርሶች ማለት ነው። ለድራማ ከደረሱት አራቱ ውስጥ አንዱ ለትወና፣ አንዱ ለተውኔት ንባብና ታሪክ፣ አንዱ ለመድረክ ሥራ ከነደኅንነቱ ቢሰጥ፣ የቀረው አንድ ኮርስ ዕጩው ከልጆች ጋር አንድ ተውኔት በራሱ የሚያዘጋጅበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አራቱን ጥበባት ለሁለት መምህራን ማከፋፈል፣ ማለትም ሙዚቃንና ውዝዋዜን ለአንዱ፣ ድራማንና የዕይታ ጥበባትን ለሌላው ሰጥቶ የእያንዳንዱን ድርሻ ወደ 25 ክሬዲት ማሳደግ ነው።