ኦፕቲማቴስ ስለሚባለው የላቲን ስም

የሮማን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ኦፕቲማቴስ» ከሚለው ስም ሲደርስ «መኳንንት» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ትርጕሙ ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የቃሉን ጠባይ ይሸፍነዋል። መኰንን «ኰነነ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ፈራጅነትንና ገዥነትን ያመለክታል፤ ኦፕቲማቴስ ግን በስሙ ሹመትንም ሆነ ትውልድን አይጠራም።

ሥሩ «ኦፕቲሙስ» ነው፤ ይኸውም ከሁሉ የበለጠ መልካም ማለት ነው። «ቦኑስ» (መልካም) ለሚለው ቅጽል የማበላለጫ የመጨረሻ ደረጃ ሆኖ ቢያገለግልም ከእርሱ አልተወለደም፤ ሊቃውንት ሀብትንና ኀይልን ከሚያመለክተው «ኦፕስ» ጋራ ያዛምዱታል።

ከሥሩ ይልቅ መድረሻው ይበልጥ ያስተምራል። «አስ» የሚለው ባዕድ መድረሻ የሰውን አገር ያስታውቃል፤ የአርፒኑም ተወላጅ «አርፒናስ» ይባላል፤ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ ሲጠየቅም «ኩያስ» ይባላል። እንግዲህ ኦፕቲማስ ሲፈታ «የበላጮቹ ወገን» እንደ ማለት ነው። ፕላውቱስ (በ184 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሞተው) በዚሁ አኳኋን «ሱማቴስ» (የላይኞቹ ወገን) ብሏል። በርባታ ከሦስተኛው ክፍል ይመደባል። ከነጠላው ባለቤት የጠፋው «ት» በዘርፉ፣ በኦፕቲማቲስ፣ ተመልሶ ይታያል። የብዙው ዘርፍ ኦፕቲማቲዩም ነው፤ ኦፕቲማቱምም ይገኛል። ነጠላው እምብዛም አይገኝም፤ ስሙ የወገን ስም ነውና።

ወገንነቱም በ56 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለክርክር በቃ። ኪኬሮ ለሴስቲዩስ ጠበቃ ሆኖ በቆመበት ችሎት ከሳሹ ይህ የኦፕቲማቴስ ነገድ ምን ዐይነት ነገድ ነው ሲል በፌዝ ጠይቆ ነበር። ኪኬሮ ሲመልስ ስሙን እጅግ አሰፋው፤ የማይበድሉ፣ ክፋት ያልተጠናወታቸው፣ የቤታቸው ኑሮ በዕዳ ያልተናጋ ሁሉ፣ ገበሬውም ነጋዴውም ነጻ የወጣው ባሪያም ሳይቀር፣ ኦፕቲማቴስ ናቸው አለ። ንግግሩ የጠበቃ ብልሃት እንደ ሆነ አይካድም፤ የምክር ቤቱን ሥልጣን የሚደግፉት ታላላቅ ቤተ ሰቦች በዚህ ፍች የሚስማሙ አይመስለኝም። ነገር ግን ተናጋሪው ራሱ የአርፒኑም ልጅ፣ ከቤተ ሰቡ አስቀድሞ ለሮማ ሹመት የበቃ ሰው ያልነበረው፣ አርፒናስ ነበረ። በስሙ ላይ ያለው መድረሻና በወገኑ ላይ ያለው መድረሻ አንድ ነው።

በአንጻሩ ያው ኪኬሮ ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ግሪኮች አሪስቶክራሲያ የሚሉትን የጥቂቶች አገዛዝ በዚሁ ስም ጠርቶታል። በዚያ ስፍራ «መኳንንት» ይበቃል። በሴስቲዩስ ንግግር ውስጥ ግን «ደጋጎቹ ወገኖች» ቢባል፣ ወይም የላቲኑ ቃል እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል፤ አለዚያ የከሳሹ ፌዝም የኪኬሮ መልስም ለአንባቢው ትርጕም ያጣሉ።