የታንኳን ገላ ከአረንጓዴ ዝልግልግና ከውኃ እድፍ ስለ ማጥራት



በሸዋ ምዕራብ፥ በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለው ደጋ፥ ሐሮ ወንጪ የሚባል ሐይቅ አለ። ሐሮ ማለት በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው የተራራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ሲሆን፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዙሪያውንም ተራራው እንደ ምንቸት ከንፈር ከቦታል። በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፥ ካህኑም ምእመኑም እንግዳውም ወደዚያ የሚሻገረው በታንኳ ነው። በ2012 ዓ.ም ገበታ ለሀገር የተባለው ሥራ ወንጪን ካሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ካደረገው ወዲህ፥ ደግሞም በ2014 ዓ.ም የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች እንደ አንዱ ከቈጠረው ወዲህ፥ የአገሩ ስም በሩቅ ተሰምቷል። እንግዳ በበዛ ቍጥር ታንኳ ይበዛል፤ ታንኳ በበዛ ቍጥርም የታንኳ ጽዳት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሹሙም ጉዳይ ይሆናል። ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

የታንኳ ገላ የምንለው ውኃ የሚነካውን የውጭ ጎኑንና ሆዱን ነው። በዚህ ገላ ላይ የሚያድረውን እድፍ ብዙ ሰው ለዓይን ብቻ የሚያስቀይም ነገር አድርጎ ይገምተዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዝልግልጉ ታንኳውን ያከብደዋል፥ ቀዛፊውንም ያደክመዋል፤ ከዚህም የሚከፋው፥ የተሰነጠቀውን ሳንቃና የበሰበሰውን እንጨት ሸፍኖ ይደብቃል። ሳይታጠብ የኖረ ታንኳ ሕመሙን እንደ ደበቀ ሰው ነው፤ የሚታወቀው ሰው ጭኖ በሐይቁ መካከል ሳለ ነው።

እድፉ ሦስት ዓይነት ስለ ሆነ፥ ማጥሪያውም እንደየዓይነቱ ይለያያል።

1ኛ፥ አረንጓዴው ዝልግልግ። ይህ ሊቃውንት አልጌ ወይም ዋቅላሚ የሚሉት ጥቃቅን ሕይወት ያለው ነገር ነው። ብርሃን ስለሚሻ፥ አብዝቶ የሚበቅለው ፀሐይ በሚደርስበት በውኃው ልክ አጠገብ ነው። መጀመሪያ እንደ ቅባት ስስ ሆኖ ይታያል፤ ሲቈይ ግን እንደ ክር ይረዝማል። ርጥብ ሳለ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ ይለቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ታንኳው ወደ የብስ በተጐተተበት በዚያው ሰዓት ይታጠብ እንጂ ለነገ አይቈይ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ሥራ ይስማማል። በብረት መፋቅ ወይም በአሸዋ መፈተግ ቀለሙን ይልጣል፤ የተላጠው ስፍራም ለሚመጣው ዝልግልግ የተመቸ እርሻ ይሆናል።

2ኛ፥ ነጩ ቀለበት። ማናቸውም የምንጭና የሐይቅ ውኃ በውስጡ የሟሟ ማዕድን አለው። ውኃው በፀሐይ ሲተን ማዕድኑ በስፍራው ይቀራል። የአምቦ ሰው ይህንን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ የአምቦ ውኃ በብርጭቆ ላይ ጠብ ብሎ ቢደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፥ በማንቈርቈሪያ ውስጥ የሚጋገረውም ነጭ ቅርፊት ወንድሙ ነው። የወንጪ ሐይቅ ውኃ ጨው የሌለበት ጣፋጭ ቢሆንም፥ ታንኳው ዕለት ዕለት እየራሰና እየደረቀ ሲኖር ጥቂቱ ተደራርቦ ቀለበት ይሠራል። ይህ ኖራ መሰል ነገር በኮምጣጣ ይሟሟል። የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በእኩል ውኃ ተበጥብጦ፥ ጨርቅ ተነክሮበት እድፉ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይቈይ፤ ከዚያ በጨርቅ ታሽቶ በብዙ ውኃ ይለቅለቅ። ታንኳው ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ ሆነ ግን ኮምጣጣው ብረቱን እንዳይበላው ቶሎ ይታጠብ።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮምጣጤን ወይም ሎሚን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፥ ሲበዛም ይገድላል። ይልቁንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ታንኳ የሚያጥቡ ሰዎች ይህንን አጥብቀው ይወቁ።

3ኛ፥ ቡናማውና ጥቁሩ ነጠብጣብ። ይህ የሚወጣው ከምስማር ዝገት ነው። ብረት በርጥብ እንጨት ውስጥ ካለው ልጥ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ፥ የአውሮፓ ጸሐፍት ግን በጥንት ጊዜ በዚሁ በብረትና በልጥ ውሕደት መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። በታንኳም ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ከዚያ ቀለም ወገን ነው። የሎሚ ጭማቂ ያደበዝዘዋል፤ ዳሩ ግን እድፉን አጥፍቶ ምስማሩን መርሳት ምስክሩን አባርሮ ሌባውን እንደ መተው ነው። ጥቁር ነጥብ በታየበት ሁሉ የቢላዋ ጫፍ በቀስታ ይደገፍበት፤ እንጨቱ ለስልሶ ቢላዋው ከገባ ሳንቃው ይለወጥ፥ ምስማሩም ዝገት በማይዘው በዚንክ የተለበጠ ወይም በመዳብ ምስማር ይተካ። በፋይበር ግላስ በተሠራ ጀልባ ላይ ደግሞ የብረት ሱፍ አይሻት፤ ከሱፉ የሚቀረው ብናኝ ራሱ ይዝግና አዲስ እድፍ ያመጣል።

ስለ ማጠቢያው ስፍራ

ከዚህ በላይ የተነገረው የታንኳውን ጤና የሚመለከት ነው፤ አሁን የምንናገረው ግን የሐይቁን ጤና ነው። ወንጪ በተራራ የተከበበ ስለ ሆነ፥ በጉያው ውስጥ የፈሰሰው ሁሉ ቍልቍል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ታንኳ በውኃው ዳር በሳሙና ቢታጠብ ሳሙናው እዚያው ይቀራል። በአንዳንድ ሳሙና ውስጥ ፎስፎር የሚባል ነገር ይገኛል፤ ፎስፎር ደግሞ ለእህል ማዳበሪያ እንደ ሆነ ሁሉ ለአረንጓዴው ዝልግልግም ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ ዛሬ ዝልግልጉን በሳሙና ሐይቁ ዳር ያጠበ ሰው፥ ለከርሞ የሚያጥበውን ዝልግልግ በገዛ እጁ ዘራ ማለት ነው። ስለዚህ ታንኳው ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ እጣቢው በሣር ወይም በተቈፈረ ጕድጓድ ውስጥ በሚሰርግበት ስፍራ ይታጠብ። የሚፋቀውም ቆሻሻ ይቀበር እንጂ ወደ ውኃ አይመለስ።

ዝልግልግ እንዳይበቅል ተብሎ የሚቀባውን መርዛም ቀለም ስለ መግዛት የሚያስብ ባለ ታንኳም ይጠንቀቅ። በፈረንጅ አገር ቆርቆሮ ያለበት ትሪቡቲልቲን የሚባል ቀለም ለመርከብ ሆድ ይቀባ ነበር። ይህ መርዝ ወደ ባሕሩ እየተንጠባጠበ በፈረንሳይ አርካሾን በሚባለው ወሽመጥ በቅርፊት ውስጥ የሚኖረውንና ሰው የሚመገበውን የባሕር ፍጥረት ስላበላሸ፥ መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም ለትንንሽ ጀልባዎች ከለከለው። በኋላም በ1994 ዓ.ም መንግሥታት ባንድነት ውል አድርገው፥ ውሉ በ2001 ዓ.ም ጸና። በታላቅ ባሕር ላይ ያልተቻለ መርዝ፥ በአንድ ተራራ ጕያ ውስጥ ላለ ሐይቅ እንዴት ይቻላል?

ከሌላ ሐይቅ ስለሚመጣ ታንኳ

የሚያስፈራው ዋናው ነገር ይህ ነው። እንቦጭ የተባለው አረም በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2004 ዓ.ም ደግሞ በጣና ሐይቅ ታየ። በጣና ዳር ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ይህንን አረም በእጃቸው ሲነቅሉ ስንት ቀን እንደ ደከሙ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንቦጭ ከቍራጩ ይበቅላል፥ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከቆቃ ወይም ከጣና በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ጀልባ በሆዱ ስር ባለ አንድ እፍኝ ጭቃ ውስጥ ይህንን ዘር ሊያመጣ ይችላል። የወንጪ ብርድ ያግደዋል ብሎ መተማመንም የብልህ ሰው ሥራ አይደለም።

በአሜሪካም ትልልቆቹ ሐይቆች ውስጥ በ1980 ዓ.ም ከወደ ጥቍር ባሕር አገር የመጣ የሜዳ አህያ መሰል ሰንበር ያለበት ትንሽ ቅርፊታም ፍጥረት ተገኘ። ወደዚያ የገባው በትልልቅ መርከቦች ውኃ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ያዛመቱት በሠረገላ የሚጐተቱ ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው። የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ብዙ ገንዘብ አስወጣ፤ ከገባበትም ትልቅ ሐይቅ ማስወጣት አልተቻለም።

ስለዚህ ከሌላ ውኃ የመጣ ጀልባ ሁሉ ወደ ሐይቁ ሳይወርድ ይመርመር፤ በሆዱ ያለው ውኃ በየብስ ይፍሰስ፤ ጭቃውና ሣሩ ይጠረግ፤ ገላው፥ ገመዱና መቅዘፊያው ታጥቦ ቢያንስ 5 ቀን ይድረቅ።

ስለ ጊዜው

ለአገሩ ታንኳዎች የሚስማማው ወራት ክረምቱ አልፎ መሬቱ የደረቀበት የታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ጥር 15 ቀን ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ከመብዛቱ አስቀድሞ ታንኳው ታጥቦ፥ ተመርምሮና ተጠግኖ ይደርሳል። የእንጨት ታንኳ በፀሐይ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ወደ ውኃ ሲመለስም ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ እስኪያብጥና ክፍተቱ እስኪገጥም ድረስ፥ አንድ ቀን ሰው ሳይጫንበት በዳር ታስሮ ይቈይ።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ብዙ ወጪ አይደለም። ከውኃው የራቀ አንድ የማጠቢያ ስፍራ መለየት፥ እንግዳ ጀልባ የሚመረምር አንድ ታማኝ ሰው ማቆም፥ በዓመት አንድ ጊዜም የታንኳ ባለቤቶችን ሰብስቦ ይህንን ማስረዳት ይበቃል። ብሩሽና ሎሚ በማናቸውም ገበያ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ የተበላሸ ሐይቅ ግን በገበያ አይገዛም። ይህንንም አስተውለው በየግዛታቸው እንዲፈጽሙት በትሕትና እናሳስባለን።